አየር ማቀዝቀዣን ከስማርት ሆም ጋር ለማገናኘት መልስ የሚሰጥ መንገድ ይመረጥ

አምፖልን ከስማርት ሆም ሥርዓት ጋር ማገናኘት ቀላል ነው፤ አምፖል ወይ በርቷል ወይ ጠፍቷል፤ ትእዛዙ መድረሱንም ዐይናችን ወዲያው ያረጋግጥልናል። አየር ማቀዝቀዣ ግን ከዚህ ይለያል። ማቀዝቀዝ፣ ማሞቅ፣ እርጥበት መቀነስ ወይም ነፋስ ብቻ መስጠት ይችላል፤ የታዘዘለት የሙቀት መጠን፣ የነፋስ ፍጥነትና ነፋሱን የሚመራው ክንፍ አቅጣጫ አለው፤ ትእዛዝ ከደረሰውም በኋላ ኮምፕረሰሩን፣ ማለትም ጋዙን የሚጨምቀውን ሞተር፣ ለማስነሣት ደቂቃዎች ሊጠብቅ ይችላል። በራሴም ሆነ በዘመዶቼ ቤት እነዚህን ማሽኖች ሳገናኝ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው ጥያቄ «ሥርዓቱ ማሽኑ በዚህ ሰዓት ምን እያደረገ እንደሆነ ያውቃል ወይ?» የሚል ነው። ከስልክ ላይ ማብራትና ማጥፋት መቻል ትንሹ ነገር ነው፤ ያንን ርካሽ ዕቃ ሁሉ ያደርገዋል። ማሽኑ ያለበትን ሁኔታ በማያውቅ ሥርዓት ላይ የሚገነባ አውቶሜሽን (ሰው ሳይነካው በራሱ የሚፈጸም ትእዛዝ) ግን ውሎ አድሮ የቤቱን ሰው ያስመርራል፤ ሰውም ወደ እጅ ሪሞቱ ይመለሳል።

በቅድሚያ አንድ መንገድ ከምርጫው ላውጣ። አየር ማቀዝቀዣን በስማርት ሶኬት አማካይነት ኤሌክትሪኩን እየቆረጡና እየቀጠሉ መቆጣጠር ተገቢ አይደለም። ኮምፕረሰሩ በሥራ ላይ እያለ ኃይል በድንገት ሲቋረጥ ማሽኑ በራሱ ሥርዓት ደረጃ በደረጃ የሚዘጋበትን ዕድል ያጣል፤ ኃይሉ ሲመለስ ደግሞ ብዙዎቹ ማሽኖች፣ በራሳቸው እንዲነሡ ካልተዘጋጁ በቀር፣ ትእዛዝ እየጠበቁ ይቆያሉ እንጂ ካቆሙበት አይቀጥሉም። ኢንቨርተር፣ ማለትም የኮምፕረሰሩን ፍጥነት ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ክፍል፣ የሌላቸው ማሽኖች ሲነሡ የሚስቡት ኤሌክትሪክ በመደበኛ ሥራ ላይ ከሚስቡት በብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ፣ በአነስተኛ አቅም በተሠራ ሶኬት ውስጥ ያለው ሪሌ (ኤሌክትሪኩን የሚቆርጠውና የሚቀጥለው ክፍል) ተጣብቆ ሊቀር ወይም ሊቃጠል ይችላል። ሶኬቱ የሚያገለግለው ኃይል ለመለካት ብቻ ከሆነና አቅሙም ከማሽኑ ፍላጎት በበቂ ሁኔታ ከበለጠ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

በብዛት የሚመረጠው መንገድ የኢንፍራሬድ አስተላላፊ ነው። ከዋይፋይ ጋር የተያያዘች ትንሽ ሣጥን ክፍሉ ውስጥ ትቀመጥና በእጅ ሪሞቱ ምትክ ትእዛዝ ትልካለች። ሪሞት የሚልከው ዐይን የማያየው ብርሃን ነው፤ ይህ ብርሃን በአብዛኛው በሴኮንድ 38 ሺህ ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ በርግብግቢቱ መካከል ባሉት እረፍቶች ርዝመትም ዜሮና አንድን ይለያል። የስልኩን ካሜራ ወደ ሪሞቱ ጫፍ አዙሮ ቁልፍ የሚጫን ሰው በብዙ ስልኮች ላይ ፈዘዝ ያለ ወይን ጠጅ ብልጭታ ያያል፤ አስተላላፊዋ በእርግጥ እየላከች መሆኑን ለመፈተሽም ከዚህ የቀለለ ዘዴ አላውቅም። ብርሃኑ ግድግዳ ስለማያልፍ እያንዳንዱ ክፍል የራሱን አስተላላፊ ይፈልጋል፤ በቁም ሣጥን ወይም በወፍራም መጋረጃ ጀርባ ማስቀመጥም ትእዛዙ አልፎ አልፎ እንዲጠፋ ያደርጋል።

የአየር ማቀዝቀዣ ሪሞት ከቴሌቪዥን ሪሞት የሚለይበትን ነገር እዚህ ላይ ማስተዋል ይጠቅማል። የቴሌቪዥን ሪሞት የሚልከው የተጫንነውን ቁልፍ ነው፤ «ድምፅ ጨምር» ይላል፤ ድምፁ የት እንደደረሰ የሚያውቀው ቴሌቪዥኑ ነው። የአየር ማቀዝቀዣ ሪሞት ግን በአብዛኛው አንድ ቁልፍ በተጫንን ቁጥር በማሳያው ላይ ያለውን ሁሉ አንድ ላይ ይልካል፤ በርቷል፣ ያቀዘቅዝ፣ 24 ዲግሪ፣ ነፋሱ መካከለኛ፣ ክንፉ ይወዛወዝ። መልእክቱ የሚረዝመውም ለዚህ ነው። ለቴሌቪዥን በሰፊው የሚያገለግለው ኤንኢሲ የተባለው ፕሮቶኮል (የመልእክት አጻጻፍ ደንብ) በ32 ቢት፣ ማለትም በ4 ባይት ሲያበቃ፣ ብዙዎቹ የሚትሱቢሺ ኤሌክትሪክ የአየር ማቀዝቀዣ ሪሞቶች 18 ባይት፣ አንዳንድ የዳይኪን ሪሞቶች ደግሞ 35 ባይት ይልካሉ። በመልእክቱ መጨረሻ አብዛኛውን ጊዜ ከቀደሙት ባይቶች ድምር የሚወጣ ማረጋገጫ ቁጥር ይገኛል፤ አንዲት ቢት ብትዛባ ድምሩ አይገጥምምና ማሽኑ ትእዛዙን እንዳልሰማ ያልፈዋል።

ስለዚህ አስተላላፊን ቁልፍ በቁልፍ ማስተማር ለቴሌቪዥን ቢሠራም ለአየር ማቀዝቀዣ አያዋጣም። ከ16 እስከ 30 ዲግሪ ያሉት 15 የሙቀት ደረጃዎች በአራት የነፋስ ፍጥነቶችና በአራት የአሠራር ዘዴዎች ሲባዙ ብቻ 240 የተለያዩ መልእክቶች ይሆናሉ፤ የክንፉ አቅጣጫ ገና አልተቆጠረም። የሚሻለው የማሽኑን ፕሮቶኮል አውቆ መልእክቱን ራሱ የሚገነባ ሥርዓት ነው፤ ኢኤስፒሆምና ታስሞታ የተባሉት ነጻ ሶፍትዌሮች የበርካታ አምራቾችን ፕሮቶኮል ያውቃሉ፤ በሱቅ የሚሸጡ አስተላላፊዎችም ብዙውን ጊዜ የሞዴሎች ዝርዝር ይዘው ይመጣሉ። ሙሉው ሁኔታ በየጊዜው መላኩ ሌላም ጥቅም አለው፤ አንድን ትእዛዝ ደግሞ መላክ ጉዳት አያስከትልም። «በ24 ዲግሪ ሥራ» የሚለው መልእክት ሁለት ጊዜ ቢደርስ ማሽኑ በ24 ዲግሪ ይሠራል፤ ከዚያ ያለፈ ነገር አይፈጠርም። ማብሪያና ማጥፊያቸው አንድ ዓይነት መልእክት የሆነላቸው አንዳንድ ማሽኖች ግን ስላሉ ይህን አስቀድሞ መፈተሽ ያስፈልጋል፤ በእነሱ ላይ መድገም ማለት የበራውን ማጥፋት ነው።

የኢንፍራሬድ ትልቁ ጉድለት መልስ የሌለው መሆኑ ነው። አስተላላፊዋ ትልካለች፤ ማሽኑም «ቲት» ይል ይሆናል፤ ድምፁን የሚሰማው ግን ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ነው። አያቴ ሌሊት ሲበርዳቸው ከትራሳቸው አጠገብ ያለውን ሪሞት አንሥተው 27 ዲግሪ ያደርጉታል፤ እንዲያ ማድረጋቸውም ትክክል ነው፤ ክፍሉ የእሳቸው ነው። ሥርዓቱ ግን አሁንም 23 ዲግሪ እንደሆነ ያምናል፤ ቀጣዩ አውቶሜሽን ሲነሣም የእሳቸውን ምርጫ ሳያውቅ ይሽረዋል። ለዚህ ችግር «ሪሞቱን ደብቁት» የሚል ምክር ሲሰጥ እሰማለሁ፤ እኔ በፍጹም አልስማማበትም። በቤቱ ውስጥ ያለ ማንኛውም ሰው ስልክ ሳይከፍት የራሱን ክፍል ማስተካከል መቻል አለበት፤ መላመድ የሚገባው ሥርዓቱ ነው።

ኢንፍራሬድ የግድ ከሆነ መልሱን ከሌላ አቅጣጫ ማምጣት ይቻላል። አንደኛው ዘዴ ከአስተላላፊው ጋር ተቀባይ ማኖር ነው፤ የእጅ ሪሞቱ ሲጫን ተቀባዩም መልእክቱን ይሰማና ሥርዓቱ የራሱን መዝገብ ያስተካክላል። ሪሞቱ ሙሉውን ሁኔታ ስለሚልክ አንድ መልእክት መስማት ብቻ ይበቃል። ይሁን እንጂ ሪሞቱ ወደ ማሽኑ ዞሮ ተቀባዩ በሌላ ጥግ ከሆነ ሊያመልጠው ይችላል፤ ስለዚህ ተቀባዩን ከማሽኑ ሥር ወይም ጎን ማድረግ ይመረጣል። ሁለተኛው ዘዴ ኃይል መለካት ነው። ማሽኑ ትእዛዝ እየጠበቀ ሲቆይ የሚስበው ጥቂት ዋት ሲሆን፣ ኮምፕረሰሩ ሲሠራ በመቶዎች የሚቆጠር፣ አንዳንዴም ከሺህ የሚያልፍ ዋት ይስባል፤ ልዩነቱ ይህን ያህል ሰፊ ስለሆነ ኮምፕረሰሩ መሥራት አለመሥራቱን ለመለየት እምብዛም አያሳስትም። መለኪያው የማሽኑን ኃይል የሚችል ሶኬት ወይም በሽቦ ዙሪያ የሚታሠር ቀለበት ሊሆን ይችላል፤ ቀለበቱ በማከፋፈያው ሣጥን ውስጥ የሚገባ ከሆነ ሥራው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው። ሦስተኛውና ርካሹ ዘዴ ቀዝቃዛው አየር በሚወጣበት አፍ አጠገብ ትንሽ የሙቀት ሴንሰር መስቀል ነው፤ ከክፍሉ ሙቀት በብዙ ዲግሪ ዝቅ ካለ ማሽኑ እያቀዘቀዘ ነው።

አዳዲስ ማሽኖች የራሳቸው ዋይፋይ ይዘው ይመጣሉ ወይም ሊጨመርላቸው ይችላል። እዚህ ግንኙነቱ በሁለቱም አቅጣጫ ነው፤ ማሽኑ ትእዛዝ ይቀበላል፣ ያለበትንም ይናገራል። ብዙዎቹ የሚሠሩት በ2.4 ጊጋኸርትዝ ብቻ ስለሆነ፣ ራውተሩ 2.4ንና 5ን በአንድ ስም ሲያሰራጭ መጀመሪያ ላይ ማገናኘቱ አንዳንዴ ያስቸግራል፤ ለጊዜው መለየቱ አብዛኛውን ጊዜ ይፈታዋል። ከዚያ የሚከብደው ጥያቄ ግን ትእዛዙ በየት በኩል ይሄዳል የሚለው ነው። በብዙ አምራቾች አሠራር ስልኬ ትእዛዙን ወደ አምራቹ ሰርቨር ይልካል፤ ሰርቨሩም መልሶ ከእኔ ሁለት ሜትር ርቆ ወደተሰቀለው ማሽን ይልከዋል። ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ሰርቨሩ ሲታመም ወይም አምራቹ ሐሳቡን ሲቀይር ግንኙነቱ ይበጠሳል።

ይህ ሥጋት በባዶ የመጣ አይደለም። ሬቮልቭ የተባለው የስማርት ሆም ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2016 ሰርቨሩ ሲዘጋ በገዢዎቹ ቤት የነበሩት ሣጥኖች ዕቃው ሳይበላሽ ከጥቅም ውጭ ሆነዋል። እ.ኤ.አ. በጥር ወር 2024 ደግሞ ሃየር የተባለው አምራች፣ መሣሪያዎቹን ሆም አሲስታንት ከተባለው ነጻ የስማርት ሆም ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም የጻፈ ግለሰብ ሥራውን ከኢንተርኔት እንዲያነሣ የሕግ ማስጠንቀቂያ ልኮለት ነበር፤ ከተጠቃሚዎች ብርቱ ተቃውሞ በኋላ ኩባንያው አቋሙን አለዝቦ ከጸሐፊው ጋር ለመነጋገር ተስማምቷል። ማሽኑን በገንዘባችን ገዝተን ግድግዳችን ላይ ከሰቀልን በኋላ የመቆጣጠር መብታችን በሌላ ሰው በጎ ፈቃድ ላይ እንዲንጠለጠል መተው የለብንም ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ማሽን ገና ላልገዛ ሰው የምመክረው፣ በቤት ውስጥ ባለው ኔትወርክ በቀጥታ የሚታዘዝ መሆኑን ከመግዛቱ በፊት እንዲያረጋግጥ ነው። አንዳንድ አምራቾች ይህን ይፈቅዳሉ፤ ለምሳሌ በርካታ የግሪ ማሽኖች በቤት ኔትወርክ ውስጥ በቀጥታ የሚመልሱበት መንገድ አላቸው፤ ሆም አሲስታንትም ይደግፈዋል። ማተር የተባለው የጋራ መስፈርት እ.ኤ.አ. በጥቅምት ወር 2022 በይፋ ሲወጣ የክፍል አየር ማቀዝቀዣን እንደ ራሱ የመሣሪያ ዓይነት አልያዘም ነበር፤ ከአንድ ዓመት በኋላ የወጣው 1.2 እትም ጨምሮታል። ማተር የቤት ውስጥ ግንኙነትን መሠረት ያደረገ በመሆኑ ተስፋ የሚጣልበት ነው፤ ሆኖም ሣጥኑ ላይ ምልክቱ መኖሩ ብቻ የክንፍ አቅጣጫንና ልዩ ዘዴዎችን ሁሉ መቆጣጠር ይቻላል ማለት አይደለም።

ከሁሉም የምወደው መንገድ ግን ሽቦ ነው። ብዙ የግድግዳ ማሽኖች የአምራቹ ዋይፋይ ሞጁል የሚሰካበት ትንሽ መሰኪያ በውስጣቸው አላቸው። በሚትሱቢሺ ኤሌክትሪክ ማሽኖች መሰኪያው ሲኤን105 ይባላል። የፊት ክዳኑ ተነሥቶ፣ በካቻቢቴ የጎን ሽፋኑ ሲፈታ፣ በመቆጣጠሪያ ሰሌዳው ጠርዝ ላይ በሁለት ሚሊሜትር ርቀት የተደረደሩ አምስት ፒኖች ይታያሉ፤ 12 ቮልት፣ መሬት፣ 5 ቮልት፣ መላኪያና መቀበያ። ንግግሩ በሴኮንድ 2400 ቢት ነው፤ ለዛሬ ዘመን እጅግ አዝጋሚ ቢመስልም ሙቀትና ፍጥነት ለመናገር ከበቂ በላይ ነው። ኤስ21 የተባለው የዳይኪን መሰኪያም በተመሳሳይ ፍጥነት ይነጋገራል፤ የፒኖቹ ቅደም ተከተልና ቮልቴጁ ግን ይለያያል፤ የአንዱን ሽቦ ለሌላው መሰካት ሰሌዳውን ሊያቃጥል ይችላል። ኢኤስፒ32 የተባለችው ዋይፋይ ያላት ርካሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ ኢኤስፒሆም ተጭኖባት እዚህ ስትገባ፣ ማሽኑ የክፍሉን ሙቀት፣ የአሠራር ዘዴውን፣ በብዙ ሞዴሎችም ኮምፕረሰሩ መሥራት አለመሥራቱን ይነግራታል። አያቴ ሪሞታቸውን ሲጫኑ በሴኮንዶች ውስጥ ሥርዓቱ ያውቀዋል። ኢኤስፒ32 በ3.3 ቮልት የምትሠራ ስለሆነች ከ5 ቮልቱ መስመር ጋር የምታገናኛት የቮልቴጅ ማመጣጠኛ በመካከል ማድረግ ይገባል።

ስለ ደኅንነቱ ጠንከር ብዬ መናገር እፈልጋለሁ። ክዳን ከመከፈቱ በፊት ብሬከሩ መጥፋት አለበት፤ ሪሞቱ ላይ ማጥፋት በቂ አይደለም። ከጠፋም በኋላ በኢንቨርተር ማሽኖች ውስጥ ያሉ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያከማቹ ክፍሎች) ገዳይ ኃይል ለደቂቃዎች ይዘው ስለሚቆዩ በአምራቹ መመሪያ የተጻፈውን ጊዜ መጠበቅ ግዴታ ነው። በአንዳንድ ማሽኖች የመቆጣጠሪያ ሰሌዳው ዝቅተኛ ቮልቴጅ ከዋናው መስመር የተነጠለ አይደለም፤ በዚያ ላይ ማሽኑ ኃይል እያለው ላፕቶፕ በዩኤስቢ ማገናኘት ሰውንም ዕቃንም ይጎዳል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ከውጭ አስቀድሞ ይጫን፤ ለውጥ ካስፈለገም በዋይፋይ ይላክ። ይህን በልበ ሙሉነት መሥራት የማይችል ሰው ባለሙያ ይጥራ፤ ወይም የአምራቹን ሞጁል ያስገባ።

ግንኙነቱ ከተሟላ በኋላ ብዙ ሰው የሚዘነጋው የሙቀት መለኪያው ቦታ ነው። የግድግዳ ማሽን የክፍሉን ሙቀት የሚለካው አየር ከሚስብበት ላይ፣ ከጣሪያው ሥር ነው፤ ሙቅ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ እዚያ ያለው ሙቀትና አልጋ ላይ የተኛ ሰው የሚሰማው ሙቀት አይገናኙም። አንዳንድ ሪሞቶች በውስጣቸው ሴንሰር ይዘው ንባባቸውን በየጊዜው ለማሽኑ የሚልኩትም ይህን ለማረም ነው። በስማርት ሆም ሥርዓት በአልጋው ከፍታ፣ ፀሐይና የማሽኑ ነፋስ በቀጥታ በማያገኙት ግድግዳ ላይ አንዲት በባትሪ የምትሠራ ሴንሰር ብናኖር ሁለት አማራጭ ይኖረናል፤ የሴንሰሯን ንባብ ራሱ ማሽኑ እንዲጠቀምበት መላክ፣ ወይም በንባቡ መሠረት የታዘዘውን ዲግሪ ከፍና ዝቅ ማድረግ። የመጀመሪያው በጣም ይሻላል፤ ኢንቨርተሩ ኃይሉን በራሱ ስልት ያለዝባልና። በሲኤን105 በኩል ይህ ይቻላል። አንድ ነገር ግን መታሰብ አለበት፤ የሴንሰሯ ባትሪ ሲያልቅ ማሽኑ የመጨረሻዋን ቁጥር ይዞ ሌሊቱን ሙሉ እንዳያቀዘቅዝ፣ ንባብ ለተወሰነ ጊዜ ካልመጣ ወደ ራሱ መለኪያ እንዲመለስ የጊዜ ገደብ ይደረግለት።

ሁለተኛውን አማራጭ የሚከተል ሰው ኮምፕረሰሩን እንዳያጣድፍ ይጠንቀቅ። ኮምፕረሰር እንደቆመ መልሶ ሊነሣ አይገባም፤ የጋዙ ግፊት በሁለቱ ወገኖች እስኪመጣጠን ሦስት ደቂቃ ያህል ያስፈልገዋል፤ አብዛኞቹ ማሽኖችም ራሳቸው ይህን ጊዜ ይጠብቃሉ። «ከ24 በላይ ሲሆን አብራ፣ ከ24 በታች ሲሆን አጥፋ» የሚል አውቶሜሽን ማሽኑን ቀኑን ሙሉ ሲያስነሣና ሲያስተኛ ይውላል። በመካከል ቢያንስ የአንድ ዲግሪ ክፍተት፣ በትእዛዞችም መካከል የበርካታ ደቂቃ ዝቅተኛ ጊዜ ይኑር። ለኢንቨርተር ማሽን ደግሞ ከሁሉ የሚሻለው አብርቶ በራሱ መተው ነው፤ በዝቅተኛ ኃይል ረጅም ጊዜ መሥራት ለእሱ የተፈጠረለት ሥራ ነውና።

በእኔ ግምት ከአውቶሜሽኖች ሁሉ በጣም የሚጠቅመው የመስኮት ሴንሰር ነው። መስኮት ተከፍቶ ጥቂት ደቂቃ ከቆየ ማሽኑ ይቆማል፤ ሲዘጋ ወደነበረበት ይመለሳል። መዘግየቱ አስፈላጊ ነው፤ መጋረጃ ለማስተካከል መስኮት የከፈተ ሰው ማሽኑን ማቆሙ አይደለም። «ወደነበረበት ይመለሳል» የሚለው ቃል የሚፈጸመው ደግሞ ሥርዓቱ ማሽኑ ቀድሞ የነበረበትን በትክክል ሲያውቅ ብቻ ነው፤ ጠፍቶ የነበረን ማሽን መስኮት ስለተዘጋ ብቻ ማብራት የለበትም። የእጅ ሪሞት ለውጥም እንዲሁ መከበር አለበት፤ እኔ በምሠራቸው አውቶሜሽኖች ሰው በእጁ ካስተካከለ የዚያ ክፍል መርሐ ግብር ለጥቂት ሰዓታት ይታገዳል።

የማሽኑ ዋይፋይ ኢንተርኔት የማያስፈልገው ከሆነ በራውተሩ ላይ ወደ ውጭ እንዳይወጣ መከልከል ጥሩ ነው። ሁሉም ነገር ተሠርቶ ካለቀ በኋላ የማላልፈው ፈተና አለ። መጀመሪያ የኢንተርኔቱን መስመር ነቅዬ ከስልክ አዝዛለሁ፤ ቀጥሎ ራውተሩን አጥፍቼ በእጅ ሪሞቱ አዝዛለሁ፤ በመጨረሻ ብሬከሩን አጥፍቼ መልሼ አብርቼ፣ ማሽኑ ሲነሣ ሥርዓቱ የሚያሳየውና ማሽኑ የሚያደርገው አንድ መሆኑን አያለሁ። በሦስቱም ካለፈ ክዳኑን ዘግቼ ለቤቱ ሰዎች አስረክባለሁ፤ በአንዱም ካላለፈ አውቶሜሽኖቹን ሁሉ አጥፍቼ ማሽኑ በሪሞቱ ብቻ እንዲሠራ ትቼ እሄዳለሁ።